አዛን ሲል የምትወርደው መርፌ

ባለፈው ሳምንት ቆራሌው ከሱቄ ፊት ለፊት ጋሪውን ሲያዞር አንድ አሮጌ ራዲያተር ተንሸራቶ ወደቀበት። የመኪና አይደለም፤ የቤት ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰፊ ነጭ ብረት። አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ ከአንድ ጥጉ ጥቁር ውሃ ፈሰሰና ሽታው እስከ ሱቄ በር ድረስ መጣ። የዛገ ብረትና ለብዙ ጊዜ የታፈነ ውሃ ሽታ ነው፤ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ቆራሌው አፍንጫውን ይዞ ሳቀ። እኔ የምቆርጠውን ቧንቧ ትቼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ደክሞኝ ነበር። ሰሞኑን ጠዋት ስነሣም ደክሞኝ ነው የምነሣው፤ በሕልሜ ምን ስሸከም እንደማድር እንጃ።

ወልድያ ውስጥ እንዲህ ያለ ብረት የተሰቀለበት ቤት እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። አሁን ተሽጧል፤ ገዢው አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ስለዚያ ቤት ላውራችሁ። ነገሩ ረጅም አይደለም፤ እኔ ግን ሳወራው ቀስ እላለሁ።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ልጃገረድ ነበርኩ። በቧንቧ ሥራ ሠልጥኜ ወልድያ አንድ ባለሙያ ዘንድ ተቀጥሬ፣ በየጠዋቱ ከመርሳ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ሾፌሩ ሲሪንቃ ላይ ሰው ሲያወርድ በመስኮቱ የእርጥብ መሬት ሽታ ይገባል፤ እስከ ወልድያ ያለችኝ ዕረፍት እሷ ነበረች። ሴት ቧንቧ ሠራተኛ ያኔ ለሰው ሁሉ ትርኢት ናት። የመሣሪያ ሣጥን ተሸክሜ ደጅ ሳንኳኳ፣ «ሠሪው መቼ ይመጣል?» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ በፈንታዋ፣ «የሰው ሽንት ቤት ስትጠግን የምትውልን ልጅ ማን ያገባታል?» እያለች ታዝን ነበር። ያገባኝስ ተገኘ፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

አለቃዬ ክርስቲያን ነው፣ የወልድያ ልጅ፤ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። አንድ መገጣጠሚያ አልፈታ ሲለው በአምባሰል ዜማ ይሰድበዋል። ግጥሙን እዚያው ነው የሚያወጣው፤ ለቧንቧው እናትና አባት ያበጅለትና በሁለቱም ይመጣበታል። እኔ ሣቄን ለመደበቅ ሥሙኒ በሚያህል ቀዳዳ ውስጥ አጮልቃለሁ። እኔን እንደ ሠራተኛ እንጂ እንደ ትርኢት ያላየኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር፣ ይኼን አልረሳለትም።

ቤቱ ከከተማው ከፍ ባለው ዳገት ላይ ነበር። ያሠራው ከሀብሩ ገጠር የወጣ ልጅ ነው፤ ብዙ አገር አቆራርጦ በረዶ የሚዘንብበት አገር የደረሰ። እናቱን ከገጠር አውርዶ፣ ሐኪም ቤት እንዳይርቃቸው ብሎ ወልድያ ላይ ቤት ሠራላቸው። እሱ ራሱ ያን ቤት በስልክ መስኮት እንጂ በእግሩ አያውቀውም። ከዚያ እናቱ ቁርጥማት እንዳለባቸው ሲሰማ የቤት ማሞቂያ ቦይለርና ራዲያተሮቹን በኮንቴይነር ላከ። ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ መጥቶ ተክሎት ሄደ። የሰፈሩ ሰው ተሳለቀ። «ቤቱ መኪና ነው እንዴ ራዲያተር የሚገጠምለት?» አሉ። እውነት ለመናገር ወልድያ እንዲህ የሚያስደርግ ብርድ የለባትም፤ ልጁ ግን ለእናቱ ያሰበላቸው እሱን ያንቀጠቀጠውን ብርድ ነው። አንዴ በስልክ ለአለቃዬ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። «እዚህ እንደመጣሁ ማደሪያ አልነበረኝም። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ራዲያተር ሥር ነበር የምተኛው። ያን ብረት ባላገኝ ዛሬ አልኖርም» አለ። ከዚያ ወዲያ እኔ በራዲያተሩ አልሳቅኩም።

አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ እሱ ካልገባ የቀረው አይገባም። ከጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ናፍጣ የሚበላ ቦይለር አለ። ቦይለሩ ውሃ ያሞቃል፤ ሙቁ ውሃ ወለል ሥር በተቀበረ ቧንቧ እየዞረ ራዲያተሮቹን ያግልና ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። የሚዞረው ሁልጊዜ ያው አንድ ውሃ ነው። አይጠጣም፣ አይታጠቡበትም፣ አይወጣም፣ አይገባም። ቦይለሩ ላይ የሰዓት ፊት የመሰለች የግፊት መለኪያ አለች። መርፌዋ ከአንድ በላይ፣ ከሁለት በታች ልትቆም ይገባል። በጣም ከወረደች ቦይለሩ ራሱን ያጠፋል።

ችግሩ መርፌዋ አልቆም ማለቷ ነበር። ጠዋት አንድ ቦታ ናት፣ ከሰዓት ሌላ ቦታ። የቤቱ ሠራተኛ፣ ልጅየው በስልክ እንዳሳያት፣ መርፌዋ ወርዳ ባየች ቁጥር የመሙያውን ቧንቧ ትከፍታለች፤ መርፌዋ ትወጣለች። አንዳንዴ ታበዛዋለች፤ ውሃው ሲሞቅ ያብጥና መርፌዋ ቀዩን መስመር ታልፋለች። የከተማው ውሃ በፈረቃ ነው። ውሃ በሌለ ሰሞን የሚሞላ የለም፣ መርፌዋ ዜሮ ላይ ትተኛለች፣ ቦይለሩ ይጠፋል፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ከባሕር ማዶ ስልክ ይደወላል።

«እናቴ እየበረዳት ነው» ይላል ልጅየው። ሌላ ንግግር አልነበረውም። ድምፁ ሁልጊዜ ከሥራ የወጣ ሰው ድምፅ ነው፤ ከጀርባው መኪና ያልፋል፣ በር ይዘጋል። በመጨረሻ ራሱ ፈረደ። «ቧንቧው ወለል ሥር ፈንድቷል። ሴራሚኩን አስነሥቼ አስቆፍረዋለሁ። ሌላ መላ ካላችሁ ቶሎ በሉ።» ይኼ እንዴት እንዳስጨነቀን አትጠይቁኝ። ወለሉ ከተቆፈረ እናትየው በብርዱ ወራት አቧራ ውስጥ ሊቀመጡ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ለሠራተኛዋ፣ «ቤቱን ሊያፈርሱት ከሆነ አገሬ ይመልሱኝ» ብለዋት ነበር። አገራቸው ሐኪም የለም፣ የሚጠብቃቸውም ሰው የለም።

ስለዚህ ፈለግን። ውሃ ሲሞቅ የሚያብጠውን ለመቀበል አንድ ቀይ የብረት ጋን አለ፤ በውስጡ ጎማ አለው፣ በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው ወገን አየር። አየሩ ካለቀ መርፌዋ ታብዳለች። አለቃዬ ጋኑን በጣቱ አንጓ መታ መታ አደረገና ጆሮውን ሰጠው፤ ከላይ ባዶ ድምፅ፣ ከታች የታፈነ። «ይኼ ጤነኛ ነው» አለ። ለማረጋገጥ ከጎሚስታው የመንፊያ ፓምፕ ተውሰን ለካነው፤ አየሩ ልክ ነው። ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚተፋው ቱቦ ጫፍ ላይ ፌስታል አስረን ተውነው፤ ፌስታሉ እንደ ደረቀ ከረመ። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጠረግን፤ ጨርቁም ደረቅ ነው። ወለሉን ደግሞ እኔ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ዳሰስኩት። ሙቅ ውሃ ሥሩ ከፈሰሰ ሴራሚኩ አንድ ቦታ ይሞቃል። ከሳሎን እስከ መተላለፊያው እንደ ድመት እየረገጥኩ ስሄድ እናትየው በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?»

«ውሃ ነው እማማ።»

«ውሃማ ወንዝ ነው የሚፈለገው» አሉ፤ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ቀጭን፣ ረዘም ያሉ ሴት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጨዋታቸው አልደከመም። አሁን የሉም። ከጦርነቱ በፊት ሞቱ፤ ልጃቸው ለቀብሩ አልደረሰም፤ እኔ በሴቶቹ በኩል ቆሜ ነበር። አለቃዬም ያን ዕለት ከግቢው ውጭ በፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ሁሉንም መርምረን ምንም ያላገኘን ዕለት አለቃዬ መሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ፣ «ውሃ ክንፍ የለው» አለ። «ካልፈሰሰ የሚጠጣው አለ ማለት ነው። ቤቱ ጂኒ አለው።» እኔ ግን አንድ ነገር ልሞክር ብዬ ለመንኩት። የመሙያውን ቧንቧ ዘጋሁ፣ ሠራተኛዋን እንዳትነካው አስጠነቀቅኳት፣ ከመርፌዋ ፊት ቁጭ አልኩ። ክፍሏ ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለች፤ በትንሿ መስኮት የገባው ፀሐይ ቦይለሩ ላይ አርፎ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ውሃ የሚገፋው ሞተር እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ሰው እንዲህ አንድ መርፌ ላይ አፍጥጦ ሲውል ምን ያህል እንደሚደክም ያወቅኩት ያን ቀን ነው። መርፌዋ አትንቀሳቀስም። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል የቀትሩ፣ የዙሁር አዛን ከታች ከመስጊዱ መጣ። አዛኑ አልቆ ትንሽ እንደቆየ መርፌዋ ተንቀጠቀጠች። ወረደች። ከዚያ ቆመች።

ነገር አላበዛሁም፤ ተቀምጬ ጠበቅኩ። በአስር ሶላት ሰዓትም እንዲሁ፤ አዛን፣ ዝምታ፣ ከዚያ መርፌዋ ትንሽ ትወርዳለች። ለአለቃዬ ነገርኩት።

«እንግዲያው መርፌዋ ሰልማለች በይኛ» አለ።

ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ እሱ ሣቁን አቋረጠና ወደ ቤቱ ተመለከተ። ባይናገረውም ገባኝ። ቤቱን በሙሉ መርምረነዋል፤ የእናትየውን መኝታ ቤት ግን አልመረመርነውም። ወንድ አይገባበትም፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ እዚህ ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር አለ?» ብሎ ጠይቋል፣ እሳቸውም፣ «ኧረ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለ» ብለዋል። በዚያው አልፈነዋል።

«ነገ አስር ላይ አንቺ ግቢ» አለኝ። «አንቺ ሴትም ነሽ፣ ሙስሊምም ነሽ። እኔ ብገባ የቤቱ ችግር በሁለት ይባዛል።»

በማግሥቱ አዛኑ ሲጀምር ደጃቸውን አንኳኳሁ። «አሰላሙ ዓለይኩም እማማ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ብረትሽን ዛሬም አመመው?»

ክፍሉ የጥቁር አዝሙድ ቅባት ይሸታል፤ ጉልበታቸውን የሚያሹበት ነው። መጋረጃው ቢጫ ስለሆነ ብርሃኑም ቢጫ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ እንድቀመጥ ምልክት ሰጡኝና እሳቸው ወደ ራዲያተሩ ሄደው አጠገቡ ያለች ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። ከሻሻቸው ጫፍ አንዲት ቋጠሮ ፈቱ። ከውስጧ ትንሽ የነሐስ ቁልፍ አወጡ። ራዲያተር አየር ሲይዝ ማስተንፈሻውን የምንከፍትባት ቁልፍ ናት፤ የቧንቧ ሰው ኪስ ውስጥ እንጂ ሻሽ ውስጥ አይቻት አላውቅም። ማንቆርቆሪያቸውን ጥግ አስጠጉ፣ በዓይን ሳይሆን በጣት ፈልገው ቁልፏን አስገቡ፣ አዞሩ። «ቢስሚላህ» አሉ። እንደ ክር የቀጠነ ውሃ እየጨሰ ማንቆርቆሪያው ውስጥ መንጫረር ጀመረ።

ይኼ ሁሉ ፓምፕ፣ ይኼ ሁሉ ፌስታል!

«እማማ፣ ይኼን ማን አሳየዎት?»

«ያ የተከለው ሰውዬ አየሩን ሲያወጣ አይቼው። ቁልፏን ጥሏት ሄደ።»

«ሻወር ቤቱ እኮ ሙቅ ውሃ አለ። እዚህ በሩ ሥር።»

ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው የተቆጣ ሳይሆን ያዘነልኝ ነበር። «ሽንት ቤት ውስጥ ገብቼ ቢስሚላህ ልል ነው ልጄ? አንቺስ እንዲህ ትያለሽ?»

አፈርኩ። ልጅየው ባየው ፎቶ ልክ መኝታ ቤቱ ውስጥ የሚያምር መታጠቢያ አሠርቶላቸዋል፤ ከገንዳው ጎን ደግሞ ሽንት ቤት ተቀምጧል፣ ባሕር ማዶ እንደሚያደርጉት። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን በሙሉ ውዱእ ያደረጉት፣ ለሶላት የታጠቡት፣ ደጅ፣ ንጹሕ ድንጋይ ላይ ነው። አሁን ቁርጥማቱ ደጅ አያስወጣቸውም፤ ሽንት ቤት ውስጥ ደግሞ የአላህን ስም አይጠሩም። ቤቱ ውስጥ የቀረላቸው ንጹሕ ውሃ ይኼ ብረት ውስጥ ያለው ነበር።

«ልጄ ይኼን ያውቃል» አሉ፣ ውሃው እየተንጫረረ። «ለዚህ ነው በብረት አድርጎ የላከልኝ። ልጅ ሳለ ለሱብሂ ውሃ የሚያሞቅልኝ እሱ ነበር። ገና ሳይነጋ፣ እኔ ሳልነሣ ተነሥቶ። ይኸው ዛሬም ከዚያ ማዶ ሆኖ ውዱእ ያስደርገኛል። ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠው።»

«የውሃው ቀለምስ?» አልኳቸው፤ የጨነቀኝ ሌላም ነገር ነበር። ልጅየው ቦይለሩ ውስጥ የዝገት መድኃኒት አስጨምሯል፤ እንዲያ ያለ ውሃ ለሶላት እንደማይሆን እኔም ከመድረሳ አስታውሳለሁ። የሰገዱት ሁሉ በምን ውሃ ይሆን?

«መጀመሪያማ እንደ ቀለም ጠቁሮ መጣ። ሽታው አይጣል። እስኪጠራ ድረስ በየቀኑ እየቀዳሁ ደፋሁት። ልጄ፣ ያልጠራ ውሃ ለሶላት ይሆናል?»

ማንቆርቆሪያውን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። እንደ ምንጭ የጠራ ነው። ያ ባሕር ተሻግሮ የመጣ መድኃኒት ጓሮ ፈስሶ አልቋል፤ የሚዞረው ተራ የቧንቧ ውሃ ሆኗል። ስለ ሶላታቸው እፎይ አልኩ። ስለ ብረቱ ግን አላልኩም። በየቀኑ አዲስ ውሃ ማለት በየቀኑ አዲስ አየር ነው፤ አዲስ አየር ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ያቺ ቁልፍ ከእጃቸው መውጣት ነበረባት። ቁልፏ ስትወጣ የልጃቸው ውሃ አብሮ ሊወጣ ነው። ፊታቸውን ሲያብሱ፣ ክንዳቸውን ሲያጥቡ፣ ሙቀቱ ሲገባቸው ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ ተቀምጬ አየሁ። ቁልፏን ሳልጠይቃቸው ወጣሁ።

ነገሩን ለአለቃዬ ነገርኩት። ሊቀልድ ነው ስል አልቀለደም። «የኔም እናት ብትሆን እንዲሁ ነው የምታደርገው» አለ። ከዚያ ግድግዳውን በዓይኑ ለካ። «መኝታ ቤቱና መታጠቢያው አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። ከሻወሩ ማሞቂያ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም በግድግዳው አሳልፈን መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ቧንቧና ገንዳ እናበጅላቸው። ሽንት ቤቱ ከበር ወዲያ ይቀራል። ለልጁ ግን አንቺ ደውዪለት። እኔ ይኼን በወንድ አንደበት መንገር አልችልም።»

ከጓሮ ሆኜ ደወልኩ። ነፋስ ይሰማኛል፤ እዚያ ያለ ነፋስ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ አዛኑን፣ ቁልፏን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ ሽንት ቤቱን፣ አለቃዬ ያሰበውንም አዲስ ቧንቧ። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም።

«ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ልጅ ሳለ ለሱብሂ ውሃ የሚያሞቅልኝ እሱ ነበር፤ ዛሬም ውዱእ የሚያስደርገኝ እሱ ነው አሉኝ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ፣ «ሃሎ» አልኩ።

«እኔ አልነበርኩም» አለ። «እኔ ለሱብሂ በዱላ እንኳ አልነሣም ነበር። የምታሞቅላት እህቴ ናት።»

እህት እንዳለችው አላውቅም ነበር። እናትየው አንድም ቀን አንሥተዋት አያውቁም።

«ከኔ በፊት ወጣች። በባሕሩ በኩል፣ ወደ ዓረብ አገር። ጀልባው ላይ እንደወጣች አብረዋት የነበሩ ነገሩን። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም።» ትንፋሹን ሰማሁት። «እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን አልጠራችም። ተምታቶባት ከሆነ ይምታታባት። እሱ ነበር ካለች፣ እኔ ነበርኩ። እንዳትነግሪያት፣ እህቴ።»

«እሺ» አልኩት።

«ወለሉን ተዉት። ያን ቧንቧ አስገቡላት። ልጅዎ ነው ያለው በሏት።»

አገራችን ላይ ይኼ እንግዳ ወሬ አይደለም። ከመርሳ እስከ ገጠሩ፣ ልጁን ለባሕር ያልሰጠ ቤት ቢፈለግ በጣት ይቆጠራል። ቢሆንም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጓሮው ውስጥ የቆምኩበትን አላወቅኩትም። ሠራተኛዋ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ የሳሙናው ሽታ ዛሬም አብሮኝ አለ።

ግድግዳውን ስንበሳ እናትየው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። «እናንተ ልጆች፣ አቧራችሁን ቀነስ አድርጉት» ይሉናል። አለቃዬ በአምባሰል ጡቡን ይሰድባል፤ እሳቸው እየሰሙ ይስቃሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ስንኙ ሲጎድለው ራሳቸው ሞሉለት። ሲያልቅ እሱ በረንዳ ቀረ፣ እኔ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ነጭ ገንዳ፣ ሁለት ቧንቧ። ዳሰሱት።

«ቁልፏን ላስቀምጥልዎት እማማ?»

ቋጠሮውን ለመፍታት ጊዜ ወሰዱ። «ይኼኛውንም እሱ ነው ያለው?»

«አዎ እማማ። እሱ ነው ያለው።»

ቁልፏን መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ሞቃ ነበር። የአስር አዛን ብሎ ስለነበር ዱካቸው ላይ ተቀመጡ፣ ሙቁን ከፈቱ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን። እግራቸው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላለ ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ ላፈስላቸው ጎንበስ አልኩ።

«አላህ ይስጠው» አሉ። «ሐሳቡ መልካም ነው።» እግራቸውን ወደ እኔ አቀረቡ። «እሷ ግን ክንዷ ላይ ጠብ አድርጋ አይታ ነበር የምታፈስልኝ። አንድ ቀን አቃጥላኝ አታውቅም።»

ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም። እሳቸውም እንደማልጠይቅ ያወቁ ይመስለኛል።

«እሱ እንዳይሰማው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ ያሞቅኩልሽ ብሎ ደስ ይበለው። እዚያ ብቻውን ነው ያለ ልጄ። የሚሞቀው ነገር ይኑረው።»

ውሃውን በቀዝቃዛ አበረድኩት። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴ ላይ ጠብ አደረግኩ፣ ጠበቅኩ፣ ከዚያ እግራቸው ላይ አፈሰስኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይብቃሽ» እስኪሉኝ ድረስ አፈሰስኩ፤ ቶሎ አላሉኝም።

መርፌዋ ከዚያ ወዲያ ቆመች። ያኑ ዕለት መናኸሪያ የመርሳ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ልጅየው ነው።

«ወደደችው?»

«ወደዱት።»

«ምን አለች?»

«አላህ ይስጠው አሉ።»

«ሌላስ?» አለኝ። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ።

ረዳቱ «መርሳ፣ መርሳ» እያለ ይጮሃል። እጅጌዬ ገና አልደረቀም ነበር።

«ሌላ የለም» አልኩት።